ልቤ መንታ ሆኖ የእናቴን ስለት ይዤ ግሸን ልውጣ?

የሐይቅ ዳር መምህር — ነሐሴ 14

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ የምጽፈው ከቅዳሴ እንደተመለስኩ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሐይቅ ነው። በልጅነቴ ዲያቆን ነበርኩ፣ አሁን ኮምቦልቻ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ለበዓል ወደ ቤት ስመለስ ማኅሌት እቆማለሁ። ይህን የምነግራችሁ ማዕረግ ለመቁጠር ሳይሆን «ቤተ ክርስቲያን ሂድ» እንዳትሉኝ ነው። እዚያው ነው ያለሁት።

ባለፈው ጥር እህቴ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ሞተች። ቀኑ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ ነበር። ታቦቱን ሸኝቼ፣ ነጠላዬን ገና ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸ። ልጁ ተርፏል። እርሷ ደሙ አልቆም ብሏት አለፈች።

እናቴ ደግሞ አስቀድማ ተስላ ነበር፤ «ልጄ በሰላም ከተገላገለች ለግሸን ማርያም ጥላ አገባለሁ» ብላ። በሰኔ ወር ጥላውን ገዛችው። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተጋድሟል። «እማዬ፣ እኮ በሰላም አልተገላገለችም» አልኳት። ለሕፃኑ ወተት እያፈላች ነበር። ቀና እንኳን ሳትል «ልጁ አለ አይደል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አልተነጋገርንም።

ጉልበቷን ስለሚያማት መስከረም 21 ጥላውን ተሸክሜ አምባውን የምወጣው እኔ ነኝ። የእኔ ችግር ግን ጉልበት አይደለም። ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ አፌ ይላል፣ ልቤ ዝም ይላል። ማኅሌት ላይ ጽናጽሉ በእጄ አንዲት ምት አይስትም፤ እኔ ግን እዚያ የለሁም። እጄ ያምናል ልበል? ከዚህ በፊት «እግዚአብሔር አለ ወይ» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ሌሊት ነቅቼ የምጠይቀው እርሱን ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ መልስ ሳላገኝ እንቅልፍ መልሶ እንደሚወስደኝ ማወቄ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በዚህ ልብ ስለት ተሸክሞ መውጣት ውሸት አይደለም ወይ? «ጸልይ» የምትሉኝ ካላችሁ አመሰግናለሁ፤ ያቃተኝ እርሱ ነው።

ሰይፈ ቃል — ነሐሴ 14

ወንድሜ፣ ራስህን አታባብል። የሚጠራጠር ሰው በነፋስ እንደተገፋ የባሕር ማዕበል ነው ብሎ ያዕቆብ በመጀመሪያው ምዕራፍ ጽፎልሃል። ይህ የዘመናዊ ትምህርት ፍሬ ነው። ፊዚክስ ያነበበ ሁሉ ፈጣሪን በሚዛን ካልመዘንሁ ይላል። ንስሐ ግባ፣ ጠበል ተጠመቅ፣ ይለቅሃል።

የሐይቅ ዳር መምህር — ነሐሴ 14

የማስተምረው ሒሳብ ነው። እህቴን የወሰደብኝም ፊዚክስ አይደለም።

የኮምቦልቻ ልጅ — ነሐሴ 14

እኔ ከዚህ ቤት ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ስለዚህ ምክሬን በዚያ ልክ ውሰደው። ለአራት ዓመት ሳላምን ቆሜ አስቀድሻለሁ። ክፉው ነገር አለማመኑ አልነበረም፤ በየቀኑ ፊቴን ማዘጋጀቱ ነበር። የእሑድ ፊት፣ የእናት ፊት፣ የጓደኛ ፊት። አንተም ጥላውን ከተሸከምክ ከጥላው ጋር ፊት ትሸከማለህ፤ የሚከብደውም እርሱ ነው። ንገራቸው። እናቶች እኛ እንደምናስበው በቀላሉ አይሰበሩም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ እኔ ስወጣ ተከራክሮ ያሸነፈኝ ሰው አልነበረም። የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም እንጂ።

አዋላጇ ከወልድያ — ነሐሴ 15

ነፍስ ይማር። ሌሊት ተረኛ ስለሆንኩ አጠር አድርጌ ልጻፍ።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ማኅፀን ከወለደ በኋላ መኮማተር አለበት፤ ሳይኮማተር ከቀረ ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል። መርፌው አለ፣ ማሸቱ አለ፣ ደም መስጠቱ አለ፤ አንዳንዴ ሁሉም ተደርጎ አይበቃም። ይህን የምነግርህ በልብህ ውስጥ «ስለቱ ስላልተሰማ» የምትል ቃል ተቀብራ ከሆነ እንድታወጣት ነው። በእህትህ እምነትም በእናትህ ስለትም ላይ የተፈረደ ነገር የለም።

ክርስቲያኗ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፤ ሙስሊሟ «ያ ፋጡማ» ትላለች፤ እኔ በመሐል ጓንቴን አጥልቄ እቆማለሁ። ሁለቱም ስሞች በተጠሩበት ክፍል ውስጥ በሰላም ወልደው የሄዱ አሉ፣ ያልሄዱም አሉ። ታዲያ እኔስ እንዴት ነው የማምነው? ከተረኝነት ስወጣ አንዳንድ ቀን አምናለሁ፣ አንዳንድ ቀን እተኛለሁ።

ልጁ ደህና ነው? ክብደቱስ?

የሐይቅ ዳር መምህር — ነሐሴ 15

ያቺ ቃል ተቀብራ ነበር። እንዴት አወቅሽው?

ልጁ ደህና ነው። መቀመጥ ጀምሯል፤ ከዚያ ወደ ግራ ይወድቃል። ሁልጊዜ ወደ ግራ።

የአራዳ አማኝ — ነሐሴ 15

ከደሴ ነው፤ ፕሮቴስታንት ነኝ። ወንድማችን ብቻውን እንዳልሆነ እንዲያውቅ ያህል ነው። በእኛ ጉባኤ ደግሞ ምስክርነት የሚባል አለ። የተፈወሰ ይነሣና ይናገራል፤ አዳራሹ እልል ይላል። ያልተፈወሰው የሚናገርበት ሰዓት ግን በፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ወንድሜ በኩላሊት በሽታ ሁለት ዓመት ሲማቅቅ በየሳምንቱ የሰው ተአምር እያጨበጨብኩ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። የቀረልኝ አንድ ጸሎት የዚያ የታመመ ልጅ አባት ጸሎት ነው፤ ማርቆስ ምዕራፍ 9፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።» ሰውየው ከዚህ በላይ አልተናገረም፤ ልጁም ተፈውሶለታል።

የዋድላው — ነሐሴ 16

እንኳን ለፍልሰታ በዓል አደረሳችሁ። ከቅኔ ቤት የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን በቃል ልጀምር፤ የለመድሁት እርሱን ነው።

«መናፍቅ» ብለን የምንሳደብበት ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? በግእዝ ናፈቀ ማለት ተጠራጠረ፣ ልቡ ከሁለት ተከፈለ ማለት ነው። የዚያው ዘር ናቸው መንፈቅ፣ ማለትም ግማሽ፣ እና መንፈቀ ሌሊት፣ ሌሊቱ ለሁለት የሚከፈልበት ሰዓት። መምህር ነቅቼ እጠይቃለሁ ያልከው ሰዓት ስም አለው ማለት ነው። አሁን ወደ አማርኛ ግባ። በአማርኛ ናፈቀ ምን ማለት ነው? ያጣውን ሰው ፈለገ፣ ዓይኑ መንገድ መንገድ አየ። አንዱ ቃል በአንዱ ቤት ጥርጥር ነው፣ በሌላው ቤት ናፍቆት። ሰሙን ይዘህ ስታለቅስ ወርቁ ከሥሩ ተቀምጧል። ግማሹ የጎደለበት ልብ የጎደለውን ካልናፈቀ ምን ያንገበግበዋል? የማይናፍቅ ሰው እኮ ሌሊት አይነቃም።

ሌላም ልጨምር፤ ቶማስ። ዮሐንስ ሲጠራው «ዲዲሞስ የሚሉት ቶማስ» ይለዋል፤ ዲዲሞስ መንታ ማለት ነው። አንተም በርዕስህ «ልቤ መንታ ሆኖ» አልክ። ቤተ ክርስቲያን ይህን መንታ ሰው ምን አደረገችው? ከትንሣኤ ሳምንት ቀናት መካከል ማክሰኞን በስሙ ጠራችለት። ማክሰኞ ቶማስ ይባላል፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም። በሳምንቱ እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ ደግሞ ጣቱን ሊያገባ የጠየቀበት ታሪክ ይነበባል። አላባረረችውም። በዓል ሰጠችው።

ስለ ጸሎተ ሃይማኖት ላልከው ደግሞ ቃሉን አስተውለው። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ያወጡት ጸሎት በእኛ ቅዳሴ «ነአምን» ብሎ ይጀምራል። እናምናለን ነው፤ አምናለሁ አይደለም። «አአምን» የሚለው ሌላ ቦታ ነው፤ በሥጋ ወደሙ ፊት ካህኑ ሦስት ጊዜ የሚለው ነው። ቅዳሴ ከአምስት ባነሱ ልዑካን እንደማይቀደስ ታውቃለህ፤ ዲያቆን ነበርክ። ዋናው ካህን አለ፣ አጠገቡም ንፍቅ ካህን አለ። ንፍቅ! ያው የግማሽነት ቃል ነው፤ ረዳት፣ ሌላው ገጽ። ማንም ብቻውን ሙሉ ሆኖ እንዲቆም ሥርዓቱ ራሱ አልጠየቀም።

ሰይፈ ቃል — ነሐሴ 16

መሪጌታ፣ በቃላት ጨዋታ መናፍቅን ልታጥቡ ነው? በኒቅያ የተወገዘው አርዮስም «ጠየቅሁ» ነበር ያለው።

የዋድላው — ነሐሴ 16

መሪጌታ አይደለሁም፤ ከቅኔ ቤት ሸሽቼ ባንክ የገባሁ ሰው ነኝ። ይሁንና አርዮስ «አውቄአለሁ» አለ እንጂ «አለማመኔን እርዳው» አላለም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። መጠራጠርና መካድ አንድ ቢሆኑ ኖሮ የማቴዎስ ወንጌል መጨረሻው አካባቢ ያቺን ዓረፍተ ነገር ባልተወልን ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ወደ ተራራው ወጡ፣ «ባዩትም ጊዜ ሰገዱለት፤ የተጠራጠሩ ግን ነበሩ።» በዚያው ተራራ፣ በዚያው ስግደት። ውረዱ አላላቸውም፤ ቀጥሎ ያዘዛቸው «ሂዱና አስተምሩ» ነው።

ዳዊት የምትደግም ከሆነ ደግሞ 87ኛውን መዝሙር በሐሙስ ድርሻ ታገኘዋለህ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፤ እንደ ሌሎቹ በምስጋና አይዘጋም። አባቶቻችን ግን በየሐሙሱ ይደግሙታል። «ይቺ ጥርጥር አለባትና ትቅር» ያለ የለም።

ዘሐራ የቃሉ — ነሐሴ 17

ልጄ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በዚህ ክር ውስጥ ምን አገባሽ የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ወሎ ነን። እናቴ የቄስ ልጅ ነበረች፤ በቤታችን ሠርግ ሲኖር ሁለት ቦታ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ እንግዳው በየድስቱ ይቀመጣል፣ ሙሽራው ግን አንድ ነው። ቡናውም አንድ ነው።

የምነግርህ የአያቶቻችንን ነገር ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የክርስቲያኑን ክርክር ከቆረጡ በኋላ የወሎ ሙስሊም ባላባቶች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የሆኑት ያን ጊዜ ነው። ብዙ ሰው አፉ አንድ፣ ልቡ ሌላ ሆኖ ኖረ፤ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም የነበሩ እንደነበሩ ሽማግሎቻችን ያወሩናል። ስለዚህ ያንተን ዓይነት ጭንቀት ይህ አገር ያውቀዋል፤ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ የእነርሱን አፍ የያዘው ንጉሥ ነበር፤ ያንተን የያዘው ማን ነው? እናትህ? እናትህን ጠይቃት እንጂ! አዋጅ አላወጣችም እኮ።

አብሽር ልጄ። ኀዘንህ ገና ዓመት አልሞላውም። ዓመት ያልሞላው ኀዘን ይዘህ «ሃይማኖቴ ጠፋ» ብለህ አትፍረድ። እኔም ሃያ ዓመት ያልገደፍኩት ሶላት አባቴ የሞተ ጊዜ ከአፌ ላይ ደርቆብኝ ነበር።

የሐይቅ ዳር መምህር — ነሐሴ 17

እትዬ ዘሐራ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ጠይቄያት አላውቅም። እርሷ የምትለኝን ራሴ እያሰብኩ ራሴ እመልስ ነበር። አመሰግናለሁ።

ለየዋድላው፦ የቃሉን ነገር ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ያጽናናኛል፤ ደግሞም ያናድደኛል፤ እህቴ በሰምና ወርቅ አትመለስምና። ይቅርታ፣ ክፉ ቀን ላይ ነው ያለሁት።

የዋድላው — ነሐሴ 17

አትመለስም። ይቅርታውን እኔ ልጠይቅ፤ እኔም አንዳንዴ ቃሉ ጣፍጦኝ ሰውየውን እረሳዋለሁ።

የ77ቱ ልጅ — ነሐሴ 19

ለሁለት ቀን ሳነብ ቆይቼ ነው። በዕድሜ ከብዙዎቻችሁ እበልጣለሁ መሰለኝ።

በ1977 ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ኮረም። ያን ጊዜ ኮረም በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። አባቴ ቄስ ነበሩ። ከቀዬአችን በእግራችን ወርደን እዚያ ሜዳ ላይ ሰፈርን። ጠዋት ጠዋት ብርዱ የገደላቸው በጨርቅ እየተጠቀለሉ በረድፍ ይደረደራሉ፤ አባቴ ከረድፉ ራስ ጀምረው ፍትሐት ያደርሳሉ። መጽሐፍ አልያዙም፤ በቃላቸው ነው። ሌሎችም ቄሶች ነበሩ፤ እነርሱም እያለቁ ሄዱ። አንድ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ከረድፉ ውስጥ ነበረ። አባቴ ራሱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው አልተለወጠም። ያ ነገር ለብዙ ዓመታት አስቆጥቶኛል። ሌላ ሰው መሰሉኝ።

ማታ «አባባ፣ እግዚአብሔር ይሰማል?» አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ዛሬ አላውቅም ልጄ፤ እስቲ ውኃ አቀብለኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል» አሉኝ። ጠጡ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው ሄዱ።

እስከ ዛሬ ያንን ሰው አማኝ ልበለው፣ ተጠራጣሪ ልበለው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ቀድሰዋል። «ዛሬ አላውቅም» ያሉኝን ግን አንድም ቀን አላስተባበሉም፤ እኔም ድጋሚ አልጠየቅኋቸውም። ሰውን ውሸታም የሚያደርገው ሳያውቁ መቆም ነው ወይስ ሳያውቁ «አውቃለሁ» ማለት? እኔ እንጃ፤ መምህር የጠየቅኸው ይህን ስለመሰለኝ ነው።

የኮምቦልቻ ልጅ — ነሐሴ 19

ጋሼ፣ ይህን ለዘጠኝ ዓመት የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነበር። መልሶ አያስገባኝም፤ ግን ፈልጌ ነበር።

ሰይፈ ቃል — ነሐሴ 20

አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማር። በመጀመሪያ የጻፍሁት ቸኩዬ ነበር። የያዕቆብን ቃል አልመልስም፤ የጻፍሁበትን ቀን ግን እመልሳለሁ።

የሐይቅ ዳር መምህር — ጳጉሜን 2

ነገርኳት።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ቡናው ቶናው ላይ ደርሷል፤ ልጁ በጀርባዋ ታዝሎ ተኝቷል። ከሳምንት በፊት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን «እማዬ፣ እኔ እኮ የማምን አይመስለኝም» ብቻ ነው።

ሲኒውን አለቅልቃ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ «ምን አልኩህ እኔ?» አለች። «ጥላውን ያዝልኝ ነው ያልኩህ። እምነትህን ማን ጠየቀህ፣ ጉልበትህን ነው የጠየቅሁህ።»

ሳቅሁ። ከጥር ወዲህ በእርሷ ፊት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። እርሷ አልሳቀችም። ጀበናውን ወደ እሳቱ መልሳ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔስ ብትሆን? ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ እመቤቴን "ለምን" ሳልላት የዋልኩበት ቀን ያለ መሰለህ? ተኳርፈናል። ታዲያ የተኳረፍኩት ሰው ቤት አልሄድም ልበል? ሄጄ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ። ጥላው የልጁ ነው፤ የተረፈልኝን ደግሞ አልክድም።» ይኸው ነው። በረካውን ሳልጠጣ እንዳልነሣ አስጠነቀቀችኝ።

መንገዱ ሰላም ከሆነ እንሄዳለን።

ዘሐራ የቃሉ — ጳጉሜን 2

አልኩህ! አዋጅ አላወጣችም።

ጦሳ ሥር — መስከረም 12

ዝም ብዬ ሳነብ የነበርኩ ነኝ። ከወጣችሁ አምባው ላይ ሌሊቱ ይበርዳልና ጋቢ ያዙ፤ እናትህ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ መወጣጫው ላይ ሰው ሳይበዛ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ለዋዜማ የሚመጣው ሕዝብ ሲጨምር ዳገቱ ላይ ቆሞ ማረፍ እንኳን አይቻልም። ጥላውን በላስቲኩ እንዳለ ያዘው፤ መስከረም ነው፣ ዝናብ አይታመንም።

የሐይቅ ዳር መምህር — መስከረም 24

ተመለስን። ለጦሳ ሥር ምስጋና ይድረስህ፤ ዘንቧል።

ጥላው ከተሸከምኩት በላይ ረጅም ሆኖብኝ በሰው መሐል እየጠለፈ ሦስት ሰው ተሳድቦብኛል፤ አንዷ ባልቴት ደግሞ ዘርፉን ይዘው ሳሙ፤ ስለቱ የማን እንደሆነ እንኳን አልጠየቁም። እናቴ በየአሥር እርምጃው እያረፈች ነው የወጣችው። ስታርፍ አብሬ አርፋለሁ፣ ስትሄድ እሄዳለሁ። ጥላውን የተቀበለኝ ዲያቆን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቢሆን ነው፤ «የማን ስም ይባል?» አለኝ። የእህቴን ስም ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ከኋላዬ የልጁን የክርስትና ስም ተናገረች። ከዚያ አንድ ትንፋሽ ቆይታ የእህቴንም ጨመረች።

የተለየ ነገር አልተሰማኝም። ጠብቄ ነበር፤ አልዋሽም። ግማደ መስቀሉ ያረፈበት አምባ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ጫማዬ ነው፤ ውኃ ገብቶበት ነበር።

በቅዳሴው «ነአምን» ሲባል ከሕዝቡ ጋር አልኩ። በአፌ ሙሉ ነው ያልኩት። ካህኑ «አአምን፣ አአምን፣ አአምን» ሲል ግን አንገቴን ደፍቼ አዳመጥሁት። እንደዚያ ሆኖ ነው ያለፈው።

እናቴ ከግሸን የሚቀባ እምነት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታለች። የልጁን ግንባር ቀባችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ጎንበስ አልኩላት።

አዋላጇ ከወልድያ — መስከረም 25

እንኳን በሰላም ገባችሁ። ልጁ ዘጠኝ ወር ሊሞላው ነው አይደል? የኩፍኝ ክትባቱን እንዳትረሱ።

የሐይቅ ዳር መምህር — መስከረም 25

ጥቅምት 13 ቀጠሮ አለው። እናቴ አሁንም ና፣ ተሸከምልኝ ብላኛለች። አሁን ወደ ግራ መውደቁን ትቷል፤ ወደ ፊት ነው የሚወድቀው።